የውሰት ላባ

ሽማግሌው ቴሚርኩል ከአልጋው ሥር ጎትቶ
የሻይ ቆርቆሮውን፣ ክዳኑን ከፍቶ፣
ላባ ዘረገፈ ከድሮ ጋዜጣ፤
ብል ያልነካካው፣ ቀለሙ ያልወጣ።
"ከሞተች እነሆ ሠላሳ ዓመቷ፤
ዛሬ ገና ወራሽ አገኘ ሀብቷ"
አለና ፈገግ አለ።
እኔ ዝም።
በካርቶን ያለችው ጭልፊት ዓይኗን አልከደነችም።

ባሌ ሜደር ነበር ከምሰሶ ሥር ያነሳት፤
እሱ የወጠረው ሽቦ ነው ያቃጠላት።
"መብራት እየዘረጋሁ ጨለማ አደረስኩባት"
አላለም። ብቻ ጓንቱን አውልቆ
ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ እንዳጠፋ ልጅ ተሸማቆ።

"አጥንቷ ደኅና ነው" አለ ሐኪሙ፣ በስልክ፣ ከናሪን ከተማ፤
"አዲስ ላባ ግን ዓመት ይፈጃል። ካልሆነም ቴሚርኩልን ስማ፤
ድሮ በጭልፊት የሚያድን ሰው ነበር፣ ላባ መቀጠል ያውቃል፤
እኛ ትምህርት ቤት ያላየነው እሱ እጅ ላይ ይገኛል።"

እጄን አገላብጦ አየው፣ መርፌ የጠቀጠቀው የልብስ ሰፊ ጣት፤
"የእኔ ይንቀጠቀጣል" አለ፤ "ያንቺ እጅ፣ የእኔ አፍ ይሁናት።"

መጀመሪያ የሰጠኝ ግን የሞተ ቁራ ክንፍ ነበር።
ዘጠኝ ቀን ኩሽና ውስጥ ስቆርጥ፣ ስሰብር።
ገማ። ሜደር እራቱን ደጅ በላ።
"አሁንስ?" ስለው፣ "ጣይው፤ አምጪ ሌላ።"
ጣይው፣ ጣይው፣ ጣይው! ማመስገን የማያውቅ ሽማግሌ።
አንድ ማታ አለቀስኩ፤
"ሙጫውን እንዳታረጥቢ" አለኝ።

"ሰባተኛው በሰባተኛ ቦታ፣ ስምንተኛው በስምንተኛ፤
ወንበር አይለዋወጡም፤ ላባ ነው እንጂ አይደል እድምተኛ።"
ስንጥሩ ቀርከሃ ነው፣ ሦስት ማዕዘን፣ ከክብሪት የቀጠነ፤
ግማሹ ከቃጠሎ በተረፈው ጉቶ፣ ግማሹ በሟቿ ላባ የሆነ።

ካራው ግን ጉቶውን ሰነጠቀው። ደግሞም ሰነጠቀው።
በአሥረኛው ቀን ዝም ብዬ
የቁልፍ ቀዳዳ የምቀድበትን ትንሽ መቀስ አመጣሁ፤
አንድ ጊዜ፣ ቀጥ አድርጌ፣ ያለ ስንጥቅ ቆረጥሁ።
ሽማግሌው ወሰደው፣ በመስኮቱ ብርሃን አገላበጠ፤
"ስልሳ ዓመት በካራ!" አለና ካራውን ገላመጠ።
ከዚያ፦ "እስኪ አያያዝሽን አሳዪኝ። ቀስ ብለሽ።"
አሳየሁት።
የሚንቀጠቀጥ እጁን በእጄ ውስጥ አድርጌ እንደ ልጅ አስያዝሁት።

በዚያ ሌሊት ጭልፊቷ ዓይኗን በቆዳ ቆብ ተሸፍና፣
በሜደር መዳፍ ውስጥ ልቧ እንደ ስፌት መኪና።
አምስተኛ። ስድስተኛ። ሙጫው እስኪይዝ አልተነፈስንም።
ሰባተኛው ላይ ባሌ ድንገት፦
"ምሰሶ ላይ ስታርፍ ምኗ ነው ሽቦውን የሚነካው?"
ሽማግሌው በጨው ዕቃና በሹካ አሳየው፦
"እዚህ ትቆማለች፤ ክንፏን ስትዘረጋ… ይኸው።"
ሜደር ሹካውን ለረጅም ጊዜ አየው።

በሳምንቱ ከመጋዘን የፕላስቲክ ቱቦ ለምኖ
ሦስት ምሰሶ ሸፈነ፣ ከአራት መቶው፣
አለቃው ሳይሰማ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሆኖ።

ኮረብታው ላይ ስንለቃት ዞራ አላየችንም።
ሽማግሌው፦ "የሚመጣው በጋ ላባ ስትጥል፣ የውሰቱንም
አብራ ትጥለዋለች። አንዱ ሜዳ ላይ ያገኘው ይሆናል፤
የአንዲት ወፍ መስሎት ባርኔጣው ላይ ይሰካል።
ቢሰብረው ግን
ውስጡ ቀርከሃ ነው።"

ቆርቆሮው አሁን እኛ ቤት፣ ከስፌት መኪናዬ ሥር ተቀምጧል።
ጋዜጣው ሁሉ ወይቧል፤
አራቱ ላባ በተኙበት ብቻ ነጭ ቅርጽ ቀርቷል።
ከኦሽ የመጣች ልጅ፣ ሳይራጉል፣ ሰሞኑን ኩሽናዬን በቁራ ክንፍ አግምታለች፤
"አሁንስ?" ትለኛለች።
"ጣይው" እላታለሁ።
ሜደር ሳህኑን አንሥቶ ወደ ደጅ ይወጣል።